የጸሎት እኩሌታ

መስከረም 27 ቀን 2017፣ መተማ ዮሐንስ

ዛሬ የእመቤታችን የመቁጠሪያ በዓል ነው። በዚህ ከተማ ይህን የምናውቅ እኔና ልጄ እየሩስ ብቻ ነን። ሌላው ሁሉ ለመድኃኔ ዓለም ነጭ ለብሶ ወጣ። ሲመለስ ግን ነጩን እንደለበሰ በር በሩ ላይ ቆሞ የቀን ሠራተኛውን ሲሰድብ ሰማሁት። ይኼ ነው እንግዲህ በዓል የሚያከብረው ሕዝብ።

እኔ ጋራዤን ዘግቼ ዋልኩ። የትራክተር ባትሪ በመጣበት ሳጥን ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፌ የእመቤታችንን ሥዕል አቆምኩ። ሥዕሉን የሰጡኝ ጎንደር፣ እስከ ስምንተኛ ያስተማሩኝ የሚስዮን አባት ናቸው። ድሮ ለታላላቅ በዓላት ከጎንደር አባ ይመጡልን ነበር። መንገዱ ከተዘጋጋ ወዲህ ቀሩ። ቅዳሴ ከሰማን ከረምን፣ ንስሐም ከገባሁ እንደዚያው። የቀረን ይቺ ሳጥን ናት።

መቁጠሪያ ለሁለት ሰው የተሠራ ጸሎት ነው። አንዱ ሰላምታውን ይላል፣ ሌላው ልመናውን ይመልሳል። መላሿ ስርጉት ነበረች፣ ነፍሷን ይማርና። ካቻምና ክረምት ባለቤቴን ወባ ከወሰደብኝ በኋላ እየሩስ ትመልሳለች። ድምጿ የእናቷ ነው። አንዳንዴ ዓይኔን ጨፍኜ እጸልያለሁ፤ ለጸሎቱ ብዬ ብቻ አይደለም።

መስከረም 29

ባየልኝ ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻውን በትራክተሩ ጎትቶ መጣ። የመሃሉ ዲስክ ኩሽኔታው ተበልቷል። ፈትቼ አስቀረሁት።

ይህ ሰው ሰሊጡ የከተማውን ያህል ነው፣ ድምፁ ደግሞ ከሰሊጡ ይበልጣል። ጾሙን የሚያውቀው በሆዱ ሳይሆን በምላሱ ነው። ስንት ቀን እንደጾመ፣ ስንት ሰዓት እንደሰገደ፣ የትኛው ታቦት እንደሰማው፣ ብሎን እየፈታሁ ሁሉንም አስቆጠረኝ። በመጨረሻ፣ «አያ ደምለው፣ እናንተ በጾም ዓሣ ትበላላችሁ አሉ፣ እውነት ነው?» አለ።

«ዓሣ እንበላለን፣ ሰው አንበላም» አልኩት።

ሳቀ። ጭራሽ ትከሻዬን መታ፣ «የሱስንዮስ ነገር!» እያለ። የሱስንዮስ ሃይማኖት ካለፈ ስንት መቶ ዓመቱ፣ የጎንደር ሰው ግን ካቶሊክ ባየ ቁጥር ትናንት የተነሣ ያስመስለዋል። ሲሄድ ማረሻው የቆመበት ቦታ እንኳ የሚያወራ መሰለኝ።

ጥቅምት 9

በጣም መጥፎ ቀን።

እየሩስ ከሥራ መጣች። ኮኪት ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ወባ የያዘውን ሠራተኛ ሁሉ የምታየው እሷ ናት፤ በዚህ ወር እጇ ከመርፌ አይለይም። እራት ቀርቦ አልበላ አለች። ከዚያ ዓይኗን ሳህኑ ላይ ተክላ፣

«አባዬ፣ ደረበ ሽማግሌ ሊልክ ነው» አለችኝ።

«የቱ ደረበ?» አልኩ፣ እያወቅኩ።

«የጋሽ ባየልኝ።»

 የመጣው ግን ይህ ብቻ አልነበረም። ከሠርጉ በፊት በነሱ ቤተ ክርስቲያን ልትጠመቅ ነው። ተጠምቀሽ የለም ወይ አልኳት። አውቃለሁ አለችኝ። ሁለት ጊዜ የሚነከር ጨርቅ ነው አልኳት። ይህን ስል አጥብቄ አየኋት፤ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። ተነሥታ ሻማውን ለኮሰችና፣ «ሰዓቱ ደርሷል፣ ይጀምሩ» አለች። ጀመርኩ። እንደ ወትሮው መለሰች፣ አንድም ቃል ሳትዘል።

ባየልኝ ልጄን! ሠራተኞቹን እንደ ፍየል የሚቆጥር ሰው።

ስርጉትን እኔ አላስገደድኳትም። ከነሱ ወደኛ ስትመጣ ራሷ ወድዳ ነው። ይህ ይጻፍልኝ። የጠየቅኳትም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ከሠርጉ በፊት።

ጥቅምት 12

ሥራ በዝቷል። ሰሊጥ ደርሷል፤ አንድ ቀን ካደረ ፍሬው እየፈነዳ መሬት ይበላዋል። ሁሉም ትራክተሩ አሁኑኑ እንዲነሣለት ይፈልጋል።

ባየልኝ ስለ ዲስኩ መጣ። ኩሽኔታው ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት አልመጣም አልኩት። ኩሽኔታው መደርደሪያው ላይ ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። «ችግር የለም አያ ደምለው፣ ሲመጣ ይመጣል» ብሎ ማረሻውን በሁለት ዲስክ ጎትቶ ሄደ። መሃሉ እንደ ወለቀ ጥርስ።

ዋሽቻለሁ። ለንስሐ ይያዝ። የሚሰማው ካህን ሲገኝ።

ጥቅምት 17

ለእየሩስ፣ ነገ በሌላ አፍ የምትጸልዪ ከሆነ ዛሬም አትመልሽልኝ አልኳት። በቁጣ አይደለም፣ ቀስ ብዬ ነው የተናገርኩት። ልብሷን ሸክፋ አክስቷ ዘንድ ሄደች። ውባንች፣ የስርጉት ታላቅ እህት፣ ከድልድዩ ወዲያ ናት። ደጇ ሁልጊዜ ለእንዲህ ያለው ነገር ክፍት ነው።

እሷ ናት የሄደችው። እኔ ሂጂ አላልኩም።

ጥቅምት 23፣ የሙታን መታሰቢያ

ጧት ለብቻዬ መቃብሯ ሄድኩ። ባጃጁ የኮኪት መንገድ ላይ አወረደኝና በእግሬ ገባሁ። ከባየልኝ ማሽላ ማዶ፣ ከግራሩ ሥር ናት። ስታርፍ ጊዜ፣ «የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ እንድትገባ ለምናቸው፣ እምቢ አይሉህም» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። አልለመንኩም። ደጅ ተጠንቶ የሚገባበት መቃብር ለኔ መቃብር አይደለም ብዬ እዚህ አሳረፍኳት። ትክክል ነበርኩ። ለሷ ግን ወፍና የቆላ ንፋስ ብቻ ነው ጎረቤቷ።

ሣሩ ከወገቤ በላይ ነው። ማጭድ ይዤ ሄጄ ነበር፣ ግማሹን አጭጄ ደከመኝ። ሣሩ ሲደርቅ የሰደድ እሳቱ ይመጣል። ዓምና እሳቱ ያንን ሜዳ ሁሉ በልቶ መቃብሯን ዘለለ። እመቤታችን ናት የጠበቀቻት። ለእየሩስ ያኔ ነግሬያት አብረን አመስግነናል። ዘንድሮ ተመልሼ ማጨድ አለብኝ።

መቁጠሪያውን እዚያው ጀመርኩ። ሰላምታውን ብዬ ዝም አልኩ፣ እንደ ልማድ። ለካ የሚመልስ የለም። አቋርጬ መጣሁ።

ኅዳር 5

ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው። ሁለቱን በስማቸው አላነሣቸውም፤ ሠርግ ባለበት ሁሉ የማይጠፉ ናቸው፣ ሽምግልናቸው ከጢማቸው አያልፍም። ሦስተኛው ኸሊፋ ነው፣ የገላባቱ የመለዋወጫ ነጋዴ። እኔን «ኸዋጃ» ነው የሚለኝ፤ ሃይማኖቴ ከፈረንጅ ነው ብሎ። ከሁሉም እሱን ብቻ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።

«ኸዋጃ፣ እኔ እስላም፣ አንተ ካቶሊክ፣ ልጁ ኦርቶዶክስ» አለ ኸሊፋ። «ከዚህ የተሻለ ሽማግሌ ከየት ይምጣ? አንዳችን ብንዋሽ ሁለታችን እንታዘባለን።»

ሳቄ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። ልጄን ለማን እንደምሰጥ አውቃለሁ፣ ለማን እንደማልሰጥም አውቃለሁ አልኩ። ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ኸሊፋ ሲወጣ መደርደሪያው ላይ ያለውን ኩሽኔታ አየው። ከሱ ነው የገዛሁት። አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ጫማውን አጥልቆ ሄደ።

ኅዳር 9

ወባ። ብርድ፣ ከዚያ ላብ፣ ከዚያ እንደገና ብርድ። ጸሎት የለም። ሣሩን አላጨድኩም።

ኅዳር 13

ውባንች አጥሚት ይዛ መጣች። መድኃኒቱን የላከችው እየሩስ ናት። ራሷ ለምን አልመጣችም አላልኩም።

ውባንች ከተቀመጠች አትነሣም፤ ከጀመረች አትቆምም። እንደ ተለመደው ስለ ዘመድ፣ ስለ ወባ፣ ስለ ዳስ ስታወራ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ድምጿ ተለወጠ።

«ደምለው፣ ስርጉት ወዳንተ ሃይማኖት የገባች ለት እናታችን ፀጉሯን ተላጨች። ዳርኳት አላለችም፣ ቀበርኳት ነው ያለች። እስክትሞት ጥቁር አላወለቀችም። አንተ ያን ለት ምን ትሠራ ነበር?»

 ታምሜያለሁ፣ ከታመመ ሰው ጋር እንዲህ አይወራም። እንኳን እኔ፣ መድኃኒት የሚውጥ ሰው ሁሉ አፉ ይመራል።

ያን ለት ሠርጌ ነበር። እየጨፈርኩ ነበር፤ ሌላ ምን ልሠራ።

አጥሚቱ ቀጥኗል። ጨረስኩት።

ኅዳር 22

አሁን ገና ነው የተቀመጥኩ።

ከቀትር በኋላ ሰማዩ በኮኪት በኩል ጠቆረ። ሰደድ እሳት። ሣሩን አላጨድኩም፣ እግዚኦ፣ አላጨድኩም። ባጃጅ አስቁሜ ሄድኩ። ባለ ባጃጁ ጭሱን አይቶ ከመንገድ አልወርድም አለ፤ የቀረውን እየሮጥኩ። እኔ እየሮጥኩ! ቢያዩኝ ባየልኝና መሰሎቹ ዓመት ይሥቁብኛል።

ስደርስ ሜዳው ሁሉ ጥቁር ነው፣ ገና ይጨሳል። ግራሩ ቆሟል። መቃብሯም አለ። ያንኑ የኔን ግማሽ የታጨደ ሣር ይዞ፣ ቢጫ እንደሆነ፣ ክብ ሠርቶ ቀርቷል። ልንበረከክ ስል መሬቱን አየሁ።

ዙሪያውን ታርሷል። እሳት እንዳያልፍ ሰሊጥ ክምር ዙሪያ እንደሚታረሰው። ግን በሁለት ትልም መሃል ያልተነካ የሣር መስመር አለ፤ ቀጭን፣ ዙሪያውን ሁሉ ያለ፣ በብዙ ቦታ እሳቱ በዚያው ገብቶ አቃጥሎታል። እንዲህ አድርጎ የሚያርስ ማረሻ በዚህ ወረዳ አንድ ነው። መሃሉ የጎደለው። የጎደለው ዲስክ ደግሞ እኔ ቤት፣ በር ሥር ነው።

ስለ ጎደለ ያንኑ ክብ ደጋግሞ አርሶታል። የጎማው ዱካ አንዱ ባንዱ ላይ ነው። በሦስት ዲስክ አንዴ ዞሮ የሚጨርሰውን።

ደረበ በዚያ በኩል ከሠራተኞች ጋር በቅጠል እሳት ይመታ ነበር። ፊቱ ጥላሸት ነው። ሲያየኝ ወደ ኋላ አለ፣ ከዚያ መጣ። አባትህ ናቸው ወይ ያረሱት አልኩት፣ አንቱ ብዬ፤ ከአፌ ወጣ።

«ዓምናም እሳቸው ናቸው» አለ። «እንዳትነግሩት ብለውናል። ‹ደምለው ከሰማ ሣሩን መልሶ ይተክለዋል› ይላሉ።»

ዓምና። ዓምና የሠርግ ወሬ አልነበረም፤ ደረበና እየሩስ ገና አይተዋወቁም ነበር።

ዓምና ለእመቤታችን ነው ያመሰገንኩት። ልክ ነው፣ እሷው ናት። ግን በማን ትራክተር።

ሥራ ፈት ሰው። የራሱን ማሽላ እሳት እየዞረው የሌላ ሰው ሙት ይጠብቃል።

ኅዳር 29፣ የእመቤታችን ያለ አዳም ኃጢአት መፀነስ

እሁድ ነው። ሳጥኑን አጸዳሁ፣ ጨርቁን ቀየርኩ። ሰላምታውንም ልመናውንም ራሴ እላለሁ አልኩና ጀመርኩ። አይሆንም። የጠየቅኩትን ራሴ ስመልስ ጸሎት ሳይሆን ክርክር ይመስላል፤ አንዱ የሌላውን ቃል ይቀማል። የማን ተራ እንደሆነ ጠፋኝ።

ስለ ንቀት አሰብኩ። የሚስዮን አባታችን ንቀት የኩራት ልጅ ነው ይሉ ነበር። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ልክ ነኝ፤ ይኼ ነው ችግሩ። ባየልኝ ጉረኛ ነው። ሽማግሌዎቹም ሆዳም ናቸው። ይኼ ሁሉ እውነት ነው። እውነት ሆኖ ምን ጠቀመኝ።

ባየልኝ ቤተ ክርስቲያን በሄደበት ሰዓት ዲስኩንና ኩሽኔታውን ባጃጅ ላይ ጭኜ ግቢው ሄድኩ። ጠባቂው አወቀኝ፣ በሩን ከፈተልኝ። ገጥሜ፣ ቅባት ሰጥቼ፣ ማንም ሳያየኝ ተመለስኩ። በበዓል ቀን በመሥራቴ ይቅር ይበለኝ።

ለሱ ብዬ አይደለም። ዲስኩ በር ሥር ሆኖ እያደናቀፈኝ ነው።

ታኅሣሥ 14

ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ይሁን አልኩ። ኸሊፋ ረጅም ንግግር አዘጋጅቶ ኖሮ አፉ ውስጥ ቀረበት። «ኸዋጃ፣ ቢያንስ አንዴ እምቢ በለኝ» አለኝ።

ታኅሣሥ 29፣ የልደት በዓል

ይህ በዓል የሁላችንም ነው። እየሩስ ጧት መጣች። ጾም ስለ ፈታች ሥጋ ይዛልኝ ነው የመጣችው። በነሱ ሥርዓት ጾማ ከርማለች፣ ፊቷ ከስቷል፤ አላነሣሁም። ሳጥኑ ፊት ቆመች፣ አማተበች፣ ግን አልተንበረከከችም። የንስሐ አባቷ ከልክለዋት ይሆናል፣ ወይ ያኔ አትመልሽልኝ ያልኳት ነው። አልጠየቅኩም።

ስትወጣ፣ «አባዬ፣ መቃብሩን ማን እንደጠበቀ ያውቃሉ?» አለች።

«አውቃለሁ» አልኳት።

«ለሳቸው ነገሯቸው?»

«ዲስካቸውን ገጠምኩላቸው» አልኳት። ከንፈሯን ነከሰች፣ እናቷ ሳቅ ስትይዝ እንደምታደርገው።

ጥር 13

ተጠመቀች። አልሄድኩም። ውባንች ሄዳለች። ዛሬ ሥራ ያዝኩ ብዬ ሙሉ ቀን ያልተበላሸ ሞተር ፈታሁና መልሼ ገጠምኩ።

ጥር 18

ሠርጉ። ዳሱ የባየልኝ ግቢ ውስጥ፤ ድምፅ ማጉያው እስከ ገላባት ይሰማል። ሁሉም ነገር ከመጠን በላይ ነው። በሬውም፣ ዘፈኑም፣ ባየልኝም።

መርቅ አሉኝ። እየሩስና ደረበ ጉልበቴን ሳሙ። ብዙ ነገር አስቤ ነበር፣ ቃሉ ሁሉ ጠፋና፣ «ውለዱ፣ ክበዱ፣ ማታ ማታ አብራችሁ ጸልዩ» ብቻ አልኩ። ሕዝቡ አሜን አለ። ብዙ ሕዝብ ነው፤ ደነገጥኩ። እኔ ስናገር ይህን ያህል ሰው ሲመልስልኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ጥር 25፣ ጌታ ወደ ቤተ መቅደስ የገባበት፣ የሻማ በዓል

ዛሬ መልስ ነበር፤ ሙሽሮቹን ከነወላጆቻቸው ቤቴ የምቀበልበት ቀን። ከበዓሉ ጋር የገጠመው ሳላስበው ነው። አባ በሌሉበት የሚባርከው ባይኖርም ሻማ ለኩሼ ሳጥኑ ላይ አድርጌ ነበር። ሽማግሌው ስምዖን ሕፃኑን ይዞ «አሁን በሰላም አሰናብተኝ» ያለበት ቀን ነው። ጧት አንብቤው በስምዖን ቀንቼ ነበር። እሱ ተቀብሎ ነው የተሰናበተ፣ እኔ ሰጥቼ።

ቤቱ ጠባብ ነው። ውባንች ወጥ ሠርታለች። ባየልኝ በሩን ሞልቶ ገባና እንደ ልማዱ ስለ ጾሙ፣ ስለ ጤናው፣ ስለ አዲሱ ጎማው አወራ። ስለ ዲስኩ አላነሣም። ስለ መቃብሩ እኔም አላነሣሁም። ብቻ ሥጋ ሳቀርብለት ጥሩውን ቁራጭ ወደሱ አዞርኩ፤ አየኝና ዝም ብሎ በላ። ለአንድ ደቂቃ ዝም ያለበትን ያየሁት ዛሬ ብቻ ነው።

ሲመሻሽ እየሩስ ሻማዋን፣ ከዚያ እኔን አየች። ሰዓቱ ነው። እንግዳ ባለበት ይቅር ብዬ ነበር። ባየልኝ ግን ተነሣ፣ ጋቢውን አስተካክሎ ሥዕሉ ፊት አማተበ፣

«አያ ደምለው፣ የናንተ ጸሎት በዚህ ሰዓት ነው አሉ። ይጸለይ እንጂ» አለ።

ጀመርኩ። «ጸጋን የተሞላሽ ማርያም ሆይ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን…» እስከ ቦታው አደረስኩና፣ እንደ ልማድ፣ ቆምኩ።

እየሩስ አንገቷን ደፋች። አትመልስም፤ ለነሱ ቤተ ክርስቲያን ቃሏን ሰጥታለች። ደረበ አያውቀውም። ውባንች አፏን በነጠላዋ ያዘች። ልቀጥል አፌን ስከፍት፣

«ከተወደደው ልጅሽ ዘንድ ይቅርታን ለምኝልን» አለ ባየልኝ፣ በዚያ ትልቅ ድምፁ፣ ዳስ ውስጥ እንዳለ ሰው።

ቃሉ የኛ አይደለም። ቦታውም አይደለም፤ ከነሱ ጸሎት ቀንጭቦ ያመጣው ነው። ዜማውም ተንጋዷል።

አላረምኩትም። ቀጣዩን ሰላምታ አልኩና ጠበቅኩት።